ለዳታቤዝ ፕሮጀክታችሁ የሱቅ ዱቤ መዝገብ ምረጡ
በዩኒቨርሲቲ የንግድ ኮምፒውቲንግንና ሥራ ፈጠራን አጣምራችሁ የምትማሩ፣ የዳታቤዝ ፕሮጀክታችሁን በምናባዊ ድርጅት ላይ ከመሥራት ይልቅ የሰፈራችሁን ባለሱቅ አስፈቅዳችሁ የዱቤ መዝገቡን ብታጠኑ ይሻላል፤ ማን መቼ ምን እንደወሰደ፣ ከፊሉን ከፍሎ ቀሪውን እንዴት እንዳሻገረ የሚያሳየው ያ የተጨማደደ ደብተር ከብዙ የክፍል ምሳሌዎች የበለጠ ያስተምራል። የደንበኞቹን ስም ግን በመለያ ቁጥር ተኩ። በተለይ ቀኑን ልብ በሉ፦ ባለሱቁ የሚጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነና ጳጉሜ አንዳንዴ 5፣ አንዳንዴ 6 ቀን ስለምትሆን፣ ዳታቤዙ ውስጥ በጎርጎርዮሳዊው ቀን አስቀምጣችሁ በማሳያው ገጽ ላይ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ቀን ብትቀይሩት ዱቤው የቆየበትን ጊዜ ስታሰሉ አትሳሳቱም። ባለሱቁ ለፕሮግራሙ በወር ስንት ብር ለመክፈል እንደሚፈቅድም ጠይቁት፤ መልሱ ለሥራ ፈጠራው ኮርስ የመጀመሪያ የገበያ ጥናታችሁ ይሆናል።