ሎጎና ማኅተም በኮድ ስታዞሩ ትራንስፓረንሲውን የሚያጠፉ ስህተቶች

ባክግራውንዱ የተነሳለት የማኅተም ፒኤንጂ አላችሁ። ሰርተፊኬቱ ላይ፣ ፊርማውን ነካ አድርጎ፣ 12 ዲግሪ ዘንበል ብሎ እንዲያርፍ ትፈልጋላችሁ። ኮዱን ራን ስታደርጉት ግን ማኅተሙ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ሆኖ ይመጣል። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የሚያዞረውን ፈንክሽን ነው፤ ትራንስፓረንሲው ግን ፋይሉ ሲከፈትም፣ ሲለጠፍም፣ ሴቭ ሲደረግም ይጠፋል። ከየእርምጃው በኋላ የአንዱን ጥግ ፒክስል አልፋ (ፒክስሉ ምን ያህል እንደሚታይ የሚናገረውን ቁጥር) ፕሪንት አድርጉ። 0 መሆኑ የቀረበት ቦታ ላይ ነው ችግሩ።

አልፋውን ሳይዙ መክፈት። ኦፕንሲቪ የተባለው የምስል ላይብረሪ ካልተነገረው በቀር ሦስት የቀለም ቻናል ብቻ አንብቦ አልፋውን ይጥለዋል፤ ሲከፍት «አንቼንጅድ» የሚለውን አማራጭ ስጡት። በፓይተኑ የምስል ላይብረሪ በፒሎው ደግሞ ባለፓሌት ፒኤንጂ (ቀለሞቹን በዝርዝር ቁጥር የሚይዝ) ቢሊኒየር፣ ማለትም ጎረቤት ፒክስሎችን የሚያማክለውን ዘዴ፣ ብትጠይቁትም በኒረስት፣ ማለትም የቅርቡን ፒክስል ብቻ በሚቀዳው፣ ነው የሚዞረው፤ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ከመዞሩ በፊት ወደ አርጂቢኤ (ሦስት ቀለምና አልፋ ያለው) ኮንቨርት አድርጉት።

ፒኤችፒ ውስጥ በጂዲ የምስል ላይብረሪ የምትሠሩ፣ ቁጥሩን ልብ በሉ። ሌላው ቦታ አልፋ 0 ማለት ፈጽሞ የማይታይ፣ 255 ማለት ድፍን ነው። ጂዲ ላይ ግን ተገልብጦ 0 ድፍን፣ 127 የማይታይ ነው። የሚያዞረው ፈንክሽን ኢሜጅሮቴት ሦስተኛው ቦታ ላይ የባዶውን ጥግ ቀለም ይጠይቃል፤ እዚያ 0 የጻፈ ሰው ድፍን ጥቁር አዟል። አልፋው 127 የሆነ ቀለም አዘጋጅታችሁ እሱን ስጡት። የሚመለሰው አዲስ ምስል ስለሆነ አልፋብሌንዲንግን (ከሥር ካለው ጋር መቀላቀልን) ማጥፋትና ሴቭአልፋን (አልፋውን ይዞ ሴቭ ማድረግን) ማብራትም በአዲሱ ላይ ይደረግ።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈውና በጣም የሚያሳስበው ስህተት፦ በጠርዙ ዙሪያ የሚቀረው ቀጭን ጥቁር መስመር። ሳጥኑ ስለጠፋ ሥራው ያለቀ ይመስላል፣ ሲታተም ግን ማኅተሙ በእርሳስ የተከበበ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው። የማኅተሙ ቀይ ፒክስል 255፣ 0፣ 0 ሲሆን አልፋው 255 ነው። ጎረቤቱ አይታይም፣ ሆኖም የማይታይ ፒክስልም ቀለም ይዟል፤ ብዙ ጊዜ 0፣ 0፣ 0፣ ማለትም ጥቁር። ሲዞር በሁለቱ መሃል የሚያርፈው አዲስ ፒክስል አማካያቸውን ይወስዳል፤ ቀለሙ 127፣ 0፣ 0፣ አልፋው 127። አልፋው ትክክል ነው። ቀለሙ ግን ከማይታየው ጥቁር ተበድሯል። ነጭ ወረቀት ላይ 255፣ 128፣ 128 የሆነ ንጹሕ ሮዝ መታየት ሲገባው ወደ 191፣ 128፣ 128 የወረደ የደፈረሰ ቀለም ይታያል።

መፍትሔው ቀለሙን አስቀድሞ በአልፋው ማባዛት ነው። ምስሉን ወደ ፍሎት (የአስርዮሽ ቁጥር) ቀይሩ፣ አልፋውን ለ255 አካፍላችሁ ባገኛችሁት ቁጥር ሦስቱን ቀለሞች አባዙ፣ አዙሩ፣ ከዚያ መልሳችሁ አካፍሉ፤ አልፋው 0 የሆነውን ዝለሉት። በ8 ቢት (ከ0 እስከ 255 ባለ ሙሉ ቁጥር) ካባዛችሁት አልፋው ትንሽ የሆነ ቦታ ላይ ቀለሙ ይሰባበራል። ፒሎው አርጂቢኤን በቢሊኒየር ወይም በባይኪዩቢክ ሲያዞር ይህን ራሱ ያደርገዋል፤ ኦፕንሲቪ አያደርገውም።

ያለ ማስክ መለጠፍ። የፒሎው መለጠፊያ ፈንክሽን ፔስት ሦስተኛ ቦታ ላይ ማኅተሙ ራሱ ማስክ (የትኛው ፒክስል እንደሚለጠፍ የሚወስን) ሆኖ ካልተሰጠ የማይታየውም ፒክስል ሰርተፊኬቱን ይሸፍነዋል። የምትለጥፉበት ምስል ራሱ ባዶ ከሆነ ግን ፔስት አልፋውንም ያባዛዋል፤ 128 የነበረው ወደ 64 ይወርዳል። እዚያ በፔስት ፈንታ አልፋኮምፖዚት የተባለውን የፒሎው ፈንክሽን ተጠቀሙ።

ጄፔግ አልፋ የለውም። ፒሎው አርጂቢኤን በጄፔግ ሴቭ አላደርግም ሲል ወደ አርጂቢ ኮንቨርት አድርጎ ማለፍ ተለምዷል፤ ያ አልፋውን ነቅሎ ከሥሩ የተደበቀውን ጥቁር ያወጣዋል። ነጭ ምስል ፍጠሩ፣ በማስክ ለጥፉበት፣ እሱን ሴቭ አድርጉ።

ፒሎው ላይ ኤክስፓንድን፣ ማለትም ምስሉ ሲዞር ሸራውን የሚያሰፋውን አማራጭ፣ ካላበራችሁ የሎጎው ጥግ ይቆረጣል። ስታበሩት ደግሞ መጠኑ ያድጋል፦ 400 በ400 የነበረው በ45 ዲግሪ 566 በ566 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ቦታውን ከላይኛው ግራ ጥግ ሳይሆን ከመሃሉ አስሉ።

የዞረውን ደግማችሁ አታዙሩ፤ ሁልጊዜ ከዋናው ፋይል ጀምሩ። ለ90፣ ለ180 እና ለ270 ዲግሪ ፒክስሎቹን ቦታ ብቻ የሚያቀያይረው ትራንስፖዝ ይበቃል፣ አንድም ፒክስል አይደበዝዝም። አቅጣጫውም ይለያያል፦ ፒሎውና ጂዲ ከሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ፣ ሲኤስኤስ ከሰዓት ቆጣሪ ጋር ያዞራሉ።

ውጤቱን ነጭ ላይ ብቻ አትዩት፤ ነጭ ጠርዝ ነጭ ላይ፣ ጥቁር ጠርዝ ጥቁር ላይ ይደበቃል። ደማቅ አረንጓዴ ላይ ለጥፋችሁ 400 በመቶ አጉልታችሁ ጠርዙን ዙሩት።