የሞንጎዲቢና የዶከር ስህተቶች፦ መጀመሪያ እጃችሁን ከኪቦርዱ ላይ አንሡ

ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። አብሮኝ የሚሠራ ጀማሪ ልጅ ነው። «ብሮ፣ የሞንጎውን ፓስወርድ ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ቀየርኩት፤ አሁን አላስገባም አለኝ። ቮሊዩሙን አጥፍቼ እንደ አዲስ ላስነሣው?»

«እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሣ» አልኩት። እንደምን አመሸህ እንኳ አላልኩትም። ይቺ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመጣችብኝ መቁጠር ካቆምኩ ቆየሁ፤ ሁልጊዜም የምትመጣው ጣት ኢንተር ላይ ሊያርፍ ሲል ነው። ዛሬ ተረጋግቼ ልጻፋት፤ እግረ መንገዴንም ሌሎቹን። ዶከር ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚጫን አልነግራችሁም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። ቃላቱን ብቻ ላስታውሳችሁ፦ ሞንጎ (ሞንጎዲቢ) ዳታቤዝ ነው፤ ኢሜጅ ፕሮግራሙ የታሸገበት ጥቅል፣ ኮንቴይነር ከኢሜጁ ተነሥቶ የሚሠራው፣ ቮሊዩም ዳታው ከኮንቴይነሩ ውጭ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ኮምፖዝ ፋይል (ያሙሉ) ደግሞ እነዚህ እንዴት እንደሚነሡ የሚጻፍበት ነው።

ፓስወርዱን ፋይሉ ላይ መቀየር

የሞንጎ ኦፊሴላዊ ኢሜጅ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው «ዳታ/ዲቢ» የተባለውን ፎልደር ነው። ፎልደሩ ባዶ ከሆነ፣ «ሞንጎ ኢኒትዲቢ ሩት ዩዘርኔም» እና «ሩት ፓስወርድ» በሚባሉት ሁለት መስመሮች የሰጣችሁትን ይዞ ዋናውን ተጠቃሚ ይፈጥራል፤ የማስጀመሪያ ስክሪፕቶቻችሁንም ያኔ ያስኬዳል። ባዶ ካልሆነ ግን ተጠቃሚም አይፈጥርም፣ ፓስወርድም አይቀይርም፣ ስክሪፕትም አይነካም። «አልቀየርኩም» ብሎም አይነግራችሁም፤ ዝም ብሎ ይነሣል። እናንተ ፋይሉን አሥር ጊዜ ብትቀይሩት እሱ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ቀን ፓስወርድ ብቻ ነው። ተጠቃሚው የሚኖረው ዳታው ውስጥ ነው! ያሙል ፋይላችሁ ውስጥ አይደለም! ይህን በግድግዳ ላይ ጽፌ ልስቀለው ወይ እያልኩ ነው።

የባሰም አለ። መጀመሪያ ያለ ፓስወርድ አስነሥታችሁ፣ ሳምንት ሙሉ ሠርታችሁበት፣ ከዚያ «ኧረ ፓስወርድ ይኑረው» ብላችሁ ሁለቱን መስመሮች ትጨምራላችሁ። ኢሜጁ መስመሮቹን ሲያይ የመግቢያ ቁጥጥሩን ያበራል፤ ተጠቃሚ ግን አይፈጥርም። በሩ ተቆለፈ፣ ቁልፉ ገና አልተሠራም። ደግነቱ ሞንጎ አንድም ተጠቃሚ ከሌለው፣ ከኮንቴይነሩ ውስጥ በሎካልሆስት (ማሽኑ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ) ለገባ ሰው የመጀመሪያውን ተጠቃሚ አድሚን ዳታቤዝ ላይ እንዲፈጥር ይፈቅድለታል። በዶከር ኤግዜክ (በሚሠራ ኮንቴይነር ውስጥ ትዕዛዝ በሚያስኬደው) ገብታችሁ በሞንጎሽ (በሞንጎ ትዕዛዝ መስጫ) ፍጠሩት።

ፓስወርድ መቀየር ከፈለጋችሁ በድሮው ገብታችሁ «ቼንጅ ዩዘር ፓስወርድ» የምትባለውን ትዕዛዝ መስጠት ነው፤ አለቀ። የድሮው ቢጠፋባችሁም ዳታው አልጠፋም። ኮንቴይነሩን አቁሙ፤ በዚያው ቮሊዩም ላይ ሁለቱ መስመሮች የሌሉበት ሌላ ኮንቴይነር፣ ፖርት ሳትከፍቱ፣ አስነሡ። ሳይጠይቅ ያስገባችኋል። ፓስወርዱን ቀይሩና ሁሉን ወደ ቦታው መልሱ።

ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ አሁንም «ኦተንቲኬሽን ፌይልድ» ካለ፣ የግንኙነት አድራሻውን ጫፍ እዩት። ዋናው ተጠቃሚ የተፈጠረው አድሚን በተባለው ዳታቤዝ ነው። አድራሻችሁ በዳታቤዛችሁ ስም፣ ለምሳሌ በ«ሱቅ»፣ ካለቀ ሞንጎ ሰውየውን ሱቅ ውስጥ ይፈልገዋል፣ አያገኘውም። መጨረሻው ላይ «ኦትሶርስ» አድሚን መሆኑን ጻፉለት። ፓስወርዱ ውስጥ የኢሜይሏ «አት» ምልክት ካለች ደግሞ አድራሻው ላይ በፐርሰንት 40 ትተካ፤ ያለዚያ አድራሻውን ከመሃል ትቆርጠዋለች።

«ዳውን» ላይ «ሰረዝ ቪ» መጨመር

«ዶከር ኮምፖዝ ዳውን» ኮንቴይነሩንና ኔትወርኩን ያነሣል፤ ስም ሰጥታችሁ ያሰራችሁት ቮሊዩም ይቀመጣል። «ሰረዝ ቪ» ስትጨመርበት ቮሊዩሞቹንም ጠርጎ ይሄዳል፤ «እርግጠኛ ነህ ወይ» ብሎ አይጠይቅም።

በዚህ ማንንም መቆጣት አልችልም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ሱቅ የሽያጭ ሲስተም እየሠራሁ ሁለት ተርሚናል ከፍቼ ነበር፤ አንዱ የራሴ ላፕቶፕ፣ ሌላው የደንበኛው ሰርቨር። ቤቴ ያለውን ላጸዳ ብዬ የደንበኛውን አጸዳሁት። ሦስት መስመር ወጣ፣ ሦስተኛው ላይ የቮሊዩሙን ስም አየሁት፤ ልቤ ቀጥ አለ።

ባክአፕ አለኝ ብዬ ተጽናናሁ። በየዓርቡ ከቢሮ ከመውጣቴ በፊት በዶከር ኤግዜክ ሞንጎደምፕን (የሞንጎ ባክአፕ ማውጫውን) እያስኬድኩ ውጤቱን ወደ ፋይል እገለብጥ ነበር። ፋይሎቹ አሉ፤ መጠናቸውም በየሳምንቱ ያድጋል። ልመልስ ስል አንዱም አልከፈት አለ። ከልማድ የተነሣ ትዕዛዙ ላይ «ሰረዝ አይቲ» እጨምርበት ነበር። «ቲ»ዋ በመሃል የተርሚናል መስመር ትዘረጋለች። በዚያ ያለፈ ባይነሪ ፋይል በየአዲስ መስመር ምልክቱ ፊት ያልነበረ ባይት ይጨመርበታል፤ የሞንጎደምፕ የሂደት መልእክትም ፋይሉ ውስጥ ይቀላቀላል። ወራት ሙሉ ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ ነው የኖርኩት። ዳታው የዳነው ባለሱቁ የወረቀት ደረሰኞቹን በካርቶን ስላስቀመጠ ነው፤ አራት ቀን ተቀምጠን በእጅ አስገባናቸው። ባለሱቁ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ጭራሽ ቡና አዘዘልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ደምፕ ስታወጡ «ቲ»ን ተዉአት፤ ያወጣችሁትንም ሌላ ባዶ ኮንቴይነር ላይ መልሳችሁ እዩት። ሞንጎ እየሠራ ሳለ ዳታ/ዲቢን በኮፒ ማንሣት ባክአፕ አይባልም።

«ዳታዬ ጠፋ» ብሎ መጮህ

ከሚደውሉልኝ ሰዎች የብዙዎቹ ዳታ አልጠፋም፤ ያለበትን አያውቁትም እንጂ። ቮሊዩም ካላሰራችሁ ኢሜጁ ራሱ ስም የሌለው ቮሊዩም ይፈጥራል፤ ስሙ 64 ፊደልና ቁጥር የተደረደረበት ነው። ኮንቴይነሩን አጥፍታችሁ ሌላ ስታስነሡ አዲስ ባዶ ቮሊዩም ይሰጣችኋል፤ የድሮው ባለቤት አጥቶ ዲስኩ ላይ ተቀምጧል። «ዶከር ቮሊዩም ኤልኤስ» ብላችሁ ፈልጉት። ከዚያ በፊት «ፕሩን» (ባለቤት የሌለውን የሚጠርገውን ትዕዛዝ) እንዳትነኩ፤ ፕሩን ቀድሞ የሚያጠፋው እንደነዚህ ያሉትን ነው።

ሁለተኛው ቮሊዩሙን «ዳታ» ላይ ማሰር ነው። መታሰር ያለበት «ዳታ/ዲቢ» ላይ ነው። አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ካሰራችሁት፣ ኢሜጁ ለዳታ/ዲቢ የራሱን ስም የለሽ ቮሊዩም ከላይ ያስቀምጥበታል፤ እናንተ ስም ሰጥታችሁ የምትንከባከቡት ባዶ ነው።

ሦስተኛው እኔንም ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ነው። ኮምፖዝ የቮሊዩሙን ስም የሚጀምረው በፕሮጀክቱ ስም ነው፤ የፕሮጀክቱ ስም ደግሞ ካልነገራችሁት በስተቀር የፎልደሩ ስም ነው። ፎልደሩን «አዲሱ» ብላችሁ ስትሰይሙት ኮምፖዝ የማያውቀው ፕሮጀክት ሆኖ አዲስ ባዶ ቮሊዩም ይሰጣችኋል። ስሙን መልሱት፣ ዳታው ይመለሳል።

ፖርቱን ለዓለም መክፈት

ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል። ኮምፖዝ ላይ የሞንጎን ፖርት 27017:27017 ብላችሁ ስትጽፉ የከፈታችሁት ለላፕቶፓችሁ ብቻ አይደለም፤ ሰርቨሩ ባለው የኔትወርክ አድራሻ ሁሉ ነው። «ዩኤፍደብልዩ ፋየርዎል አለኝ፣ ዘግቼዋለሁ» ትሉኛላችሁ። ዶከር የራሱን የአይፒቴብልስ (የሊኑክስ የኔትወርክ ማጣሪያ) ሕግ ስለሚጽፍ የእናንተ ፋየርዎል ሳያየው ያልፋል። ሞንጎ ከ3.6 ጀምሮ ብቻውን ሲጫን ሎካልሆስትን ብቻ ያዳምጣል፤ የዶከሩ ኢሜጅ ግን ከሌላ ኮንቴይነር እንዲደረስበት ሲባል ሁሉንም ያዳምጣል። ፓስወርድ ካልሰጣችሁት ሳይጠይቅ ያስገባል። እነዚህ ሲደማመሩ ዳታቤዛችሁ አደባባይ ላይ ነው።

በጥር 2017 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍት የሞንጎ ዳታቤዞች ተጠርገው፣ በቦታቸው ቢትኮይን የሚጠይቅ ማስታወሻ ተቀምጦ ተገኘ። በ2020 ሐምሌ ደግሞ «ሚያው» የተባለው ጥቃት መጣ፤ እሱ ገንዘብም አልጠየቀ፣ ዝም ብሎ አጠፋ። ይህን የሚሠራው ሰው አይደለም፣ ቀን ከሌት አድራሻ የሚያስስ ሮቦት ነው፤ «እኔን ማን ያውቀኛል» አይሠራም። የአንድ ወዳጄ የሙከራ ዳታቤዝ ማታ ተከፍቶ ጠዋት ውስጡ የቀረው የቤዛ ማስታወሻ ብቻ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፖርቱን ጭራሽ አትክፈቱ። አፕሊኬሽናችሁ በዚያው ኔትወርክ ላይ ካለ፣ ኮምፖዝ ፋይሉ ላይ በሰጣችሁት የሰርቪስ ስም ያገኘዋል። ከሰርቨሩ ራሱ መድረስ ካስፈለጋችሁ ፊቱ ላይ 127.0.0.1 ጨምሩበት፤ ከቤት ከሆነ በኤስኤስኤች ተነል (በተመሰጠረ መስመር) ግቡ።

ሎካልሆስት

ኮንቴይነር ውስጥ ያለ አፕሊኬሽን «ሎካልሆስት» ሲል ራሱን ነው የሚጠራው። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ይላል፤ አድራሻው ላይ የሰርቪሱን ስም ጻፉ። ይህን ያልተሳሳተ ሰው አላውቅም፤ አትፈሩ።

የሞተበትን ሳይመረምሩ ደግሞ ማስነሣት

«ሪስታርት ኦልዌይስ» ጽፋችሁ ኮንቴይነሩ በየጥቂት ሰከንዱ ሲወድቅና ሲነሣ ቆማችሁ ታያላችሁ። «ዶከር ፒኤስ ሰረዝ ኤ» በሉ፤ የሞተበት ቁጥር እዚያው ተጽፏል። 132 ከሆነ ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትዕዛዝ ደርሶታል። ሞንጎ በተራው የኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽን ላይ ከ5.0 ጀምሮ «ኤቪኤክስ» የሚባለውን የፕሮሰሰር ችሎታ ይፈልጋል። የድሮ ማሽን ላይ የለም። ፕሮክስሞክስ (የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ) ላይ ያለ ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ችሎታው እያለ ተደብቆ ነው፤ የሲፒዩውን ዓይነት «ሆስት» አድርጉት። ሞንጎ ራሱ ምክንያቱን ሳይናገር ድንገት ስለሚሞት ሰው ግራ ይጋባል።

137 በአብዛኛው ሚሞሪ አልቆ ከርነሉ ገድሎት ነው። የሞንጎ ካሽ (ዳታውን ራም ላይ የሚይዝበት) ካልተገደበ ከራሙ ላይ 1 ጊጋ ቀንሶ የቀረውን ግማሽ ለራሱ ያስባል፤ 4 ጊጋ ባለው ሰርቨር 1.5 ጊጋ ማለት ነው። ሦስት የሞንጎ ኮንቴይነር አንድ ሰርቨር ላይ ስትደረድሩ ሦስቱም ብቻቸውን ያሉ ይመስላቸዋል። የካሹን መጠን በ«ዋየርድታይገር ካሽ ሳይዝ» (ዋየርድታይገር የሞንጎ ዳታ ማከማቻ ሞተር ነው) ራሳችሁ ስጡት፤ ለኮንቴይነሩ ከፈቀዳችሁት ሚሞሪም በደንብ ይነስ።

62 የስሪት ጣጣ ነው። ኢሜጁን «ላቴስት» (የቅርቡ) ብላችሁ ጽፋችሁ፣ አንድ ቀን ፑል ስታደርጉ (አዲሱን ስታወርዱ) ከ4.4 ተነሥታችሁ ብዙ ደረጃ የዘለለ ስሪት ላይ ትወድቃላችሁ። ሞንጎ ደረጃ አያስዘልልም፦ ከ4.4 ወደ 5.0፣ ከዚያ 6.0፣ ከዚያ 7.0፤ በእያንዳንዱ ማረፊያ ላይ «ፊቸር ኮምፓቲቢሊቲ ቨርዥን» የሚባለውን ቅንብር ከፍ እያደረጋችሁ። ላቴስትን ከፋይላችሁ አውጡልኝ፣ ቁጥሩን ጻፉ። ከ6.0 ጀምሮ የድሮው «ሞንጎ» ሼል ስለሌለ የጤና ምርመራ መስመራችሁንም (ሞንጎ ዝግጁ መሆኑን የሚፈትሸውን) በ«ሞንጎሽ» ተኩት።

መብራት ሲሄድ

ቢሯችን መብራት በሄደ ቁጥር አንድ ሰው ተነሥቶ የሎክ ፋይሉን፣ ሲብስበትም የዋየርድታይገርን ፋይሎች ያጠፋል፤ «አልነሣ ስላለ» ነው አሉ። ሞንጎ ጆርናሉን (የለውጥ መዝገቡን) በየ100 ሚሊሰከንዱ፣ ሙሉ ቼክፖይንት (የዳታውን ሁኔታ) ደግሞ በየ60 ሰከንዱ ዲስክ ላይ ይጽፋል። መብራት ሲመለስ ከዚያ ተነሥቶ ራሱን ያስተካክላል። ጊዜ ስጡት። «ሪፔር» የሚባለው የጥገና ትዕዛዝ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ እሱም ቅጂ ላይ።

ትራንዛክሽን ስትፈልጉ

ትራንዛክሽን (ብዙ ለውጦች አንድ ላይ የሚጸኑበት ወይም የሚሰረዙበት) ሬፕሊካ ሴት (አንድ ዳታ የሚጋራ የሞንጎ ቡድን) ይፈልጋል፤ አንድ ኮንቴይነርም ቢሆን ሬፕሊካ ሴት ማድረግ ይቻላል። ስህተቱ የሚመጣው ቡድኑን የሚያስጀምረውን «አርኤስ ኢኒሼት» ትዕዛዝ ባዶውን ስትሰጡት ነው። የኮንቴይነሩን መለያ ቁጥር የራሱ አድራሻ አድርጎ ይመዘግባል፤ ከውጭ የሚመጣ ፕሮግራም ያንን ስም አያውቀውም። ስሙን ራሳችሁ ስጡት። ከላፕቶፕ ለአፍታ ለማየት ብቻ ከሆነ «ዳይሬክት ኮኔክሽን ትሩ» ይበቃል።

ኮምፖዝ ላይ «ዲፔንድስ ኦን» ብቻውን ተራውን እንጂ ዝግጁነቱን አይጠብቅም፤ የጤና ምርመራ ጨምሩና «ሰርቪስ ሄልዚ» የሚለውን ሁኔታ ጻፉበት። ሎጉም ገደብ ካልተሰጠው ዲስኩን ይሞላል።

ያ የደወለልኝ ልጅ የድሮውን ፓስወርድ ረስቶት ነበር። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ መልሶ ደወለ፤ የጊት (የኮድ ለውጥ መዝገብ) ታሪክ ውስጥ አግኝቶት ገብቷል፣ ቀይሮታል፣ ደስ ብሎታል። ፓስወርዱ ጊት ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር በማግስቱ ጠዋት ተነጋገርን።