ቀጭን ላፕቶፕ ስትገዙ፦ ኋላ የማይቀየረውን አስቀድማችሁ ፈትሹ

የሂሳብ ሥራ ይዤ ከድርጅት ድርጅት መዞር ከጀመርኩ 8 ዓመት ሆነኝ። ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ቃሊቲ፣ ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። የመጀመሪያው ላፕቶፔ ከነቻርጀሩ 3 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ የቦርሳው ማንገቻ ትከሻዬ ላይ ሰንበር አውጥቶ አገኘዋለሁ። ስለዚህ ቀጭን ላፕቶፕ ቅንጦት ነው ከሚሉት ጋር አልስማማም። ይዞ ለሚዞር ሰው የክብደቱ ነገር የጤና ጉዳይ ነው። ችግሩ ዕቃው እንዲቀጥን ሲባል የሚቀነሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከገዛችሁት በኋላ ልትጨምሩት የማትችሉት ነገር መሆኑ ነው።

1. ሥራችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ

በአንድ ጊዜ የምትከፍቷቸውን ፕሮግራሞች ዘርዝሩ። የኔ ፒችትሪ (የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም)፣ ኤክሴል፣ ቴሌግራምና 10 ያህል የክሮም ገጾች ናቸው። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ወይም አውቶካድ የምትሠሩ ከሆነ ቁጥር 4ን ሳታነቡ ብር አታውጡ።

2. ራሙ የተበየደ መሆን አለመሆኑን እወቁ

ራም ማለት የከፈታችኋቸው ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ነው። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ያገለገለ፣ በጣም የሚያምር፣ 4 ጂቢ ራም ያለው ቀጭን ላፕቶፕ ገዛሁ። «ራሙን ቀስ ብዬ አስጨምራለሁ» ብዬ ነበር፤ በድሮው ላፕቶፔ 10 ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበራ። ሐምሌ መጣ፤ የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው። ኤክሴሉን ከፍቼ ወደ ፒችትሪ ስሻገር ስክሪኑ ይደርቃል። አንድ ቁጥር አስገብቶ እስኪቀበል መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። አዲስ ራም ገዝቼ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ከሥር ያሉትን ጥቃቅን ብሎኖች ፈትቶ ክዳኑን በቀጭን ፕላስቲክ አነሳና ጣቱን ማዘርቦርዱ ላይ አደረገ። የጥፍር ስፋት ያላቸው አራት ጥቁር ካሬዎች ተደርድረዋል። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ማስገቢያ የለውም። ቦርዱ ላይ ተበይዷል» አለኝ። የገዛሁት ራም እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በጥር 2008 የመጀመሪያውን ማክቡክ ኤር ከፖስታ ውስጥ መዝዞ ሲያሳይ፣ ያ 1.36 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ 2 ጂቢ ራሙ የተበየደ፣ ሲዲ ማጫወቻ የሌለው፣ ባለ አንድ ዩኤስቢ ነበር። የራም ማስገቢያ ከፍታ ይፈልጋል፤ ቅጥነት የሚፈልግ አምራች መጀመሪያ የሚያስወግደው እሱን ነው።

ሱቁ ውስጥ እንዲህ ፈትሹ፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ በሉ። «ፎርም ፋክተር» ከሚለው ጎን «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለ ተበይዷል ማለት ነው፤ «ሶዲም» ካለ ማስገቢያ አለው። ጥርጣሬ ካደረባችሁ የሞዴሉን ሙሉ ስም ይዛችሁ የአምራቹን ድረ ገጽ እዩ። የሻጭ ቃል በቂ አይደለም።

የተበየደ ከሆነ 16 ጂቢ ያለውን ግዙ። 8 ጂቢ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ይበቃል። 4 ጂቢውን በስጦታ ካልሆነ አትቀበሉ። ብር ካጠራችሁ ከኤስኤስዲው (ፋይል ከሚቀመጥበት) መጠን ቀንሱ፤ በአብዛኞቹ ቀጫጭን የዊንዶውስ ላፕቶፖች ላይ እሱ ይቀየራል። በቅርብ ዓመታት ማክቡኮች ግን እሱም ተበይዷል፤ እንደ ኤም 1 ያለ የአፕል ፕሮሰሰር (የኮምፒዩተሩ አንጎል) ባላቸው ላይ ደግሞ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ ነው የታሸገው።

3. ባትሪው

መብራት ሲጠፋ ሳትደናገጡ መሥራት የቀጭን ላፕቶፕ ትልቁ ጥቅም ነው፤ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ። ሲኤምዲን (የዊንዶውስን ትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ክፈቱና ፒ፣ ኦ፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ ስላሽ አስገብታችሁ «ባትሪሪፖርት» የሚለውን በእንግሊዝኛ አያይዛችሁ ጻፉ። ሪፖርቱ የት እንደተቀመጠ ራሱ ይነግራችኋል። «ዲዛይን ካፓሲቲ» (አዲስ ሳለ የሚይዘው) 50,000፣ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» (አሁን ሞልቶ የሚይዘው) 31,000 ካለ፣ የቀረው 62 በመቶ ነው፤ በዚያው ልክ ዋጋ ተከራከሩ።

ላፕቶፑን ዘግታችሁ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ከተወዛወዘ፣ ክዳኑ ካልገጠመ ወይም ታችፓዱ ወደ ላይ ካበጠ ባትሪው አብጧል። ቀጭን ዕቃ ውስጥ ያበጠ ባትሪ መሄጃ ስለሌለው የሚገፋው እነዚህን ነው። እሳትም ሊያስነሳ ስለሚችል በዋጋ ቅናሽ አትታለሉ።

4. ሙቀቱ

ስለ ፕሮሰሰሩ «ኮር አይ 7 ነው» ሲሏችሁ ከቁጥሩ በኋላ ያለውን ፊደል ጠይቁ። አይ 7-8550ዩ በ15 ዋት የሚሠራ ባለ 4 ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) ነው፤ አይ 7-8750ኤች ግን 45 ዋት የሚበላ ባለ 6 ኮር ነው። ስማቸው አንድ፣ ጉልበታቸው ለየቅል። በቀጭን አካል ውስጥ ለሙቀት መውጫ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ያዘገያል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ማራገቢያው ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። ከባዱን ሥራችሁን 20 ደቂቃ አስኬዱትና በታስክ ማናጀር የሲፒዩው (የፕሮሰሰሩ) ፍጥነት ምን ያህል እንደሚወርድ ተመልከቱ። ማራገቢያ የሌለው የ2020 ባለ ኤም 1 ማክቡክ ኤር ድምፅ የለውም፤ ረጅም ቪዲዮ ስታስወጡ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል። ለኤክሴል ለውጡን አታዩትም።

5. ቀዳዳዎቹና ኪቦርዱ

መሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ ሰነድ የሚዘዋወረው በፍላሽ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ የተለመደ ዩኤስቢ ይኑረው። ከሌለው ሀብ (ተጨማሪ ቀዳዳ የሚሰጥ ማገናኛ) መግዛት አለባችሁ፤ ላፕቶፑን ስትመዝኑ ሀቡንና ቻርጀሩንም አብራችሁ መዝኑ። በዩኤስቢ-ሲ የሚሞላ ከሆነ አንድ 65 ዋት ቻርጀር ለስልካችሁም ስለሚሆን ከቦርሳ አንድ ዕቃ ይቀንሳል።

ኪቦርዱ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፉበት። ከ2015 እስከ 2019 የወጡ ብዙ ማክቡኮች «ቢራቢሮ» የሚባለው ስስ ኪቦርድ አላቸው፤ ትንሽ አቧራ ከገባበት ቁልፉ ይይዛል ወይም አንዱን ፊደል ሁለቴ ይጽፋል። በኛ የበጋ አቧራ እኔ አልገዛውም።

ሻጩ ለዚህ ሁሉ አንድ ሰዓት ካልፈቀደላችሁ ቀጣዩን ሱቅ ሞክሩ። ከተስማማችሁ ደግሞ ደረሰኙ ላይ የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥርና በስንት ቀን ውስጥ መመለስ እንደምትችሉ አስጽፉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ሳምንት ሥራ የሚበዛበትን ቀን ጨምሮ በሱ ብቻ ሥሩ፤ አሮጌውን እስከዚያ አትሽጡት።