ከተላከ በኋላ ቀይ ሆኖ የሚቀረው የአንጉላር ቅጽ

ቅጹ መረጃውን በትክክል ይልካል፤ ሳጥኖቹ ግን ባዶ እንደሆኑ ቀይ ይለብሳሉ፤ ከ«ስም» ሥር «ይህ መሞላት አለበት» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። የምሠራው በአንጉላር ማቴሪያል ነው፤ ይህም ለአንጉላር (ለድር መተግበሪያ መሥሪያው) የተዘጋጁ ሳጥኖችና ቁልፎች ስብስብ ነው። ሁለት ቀን በላኝ።

የሳጥኖቹን ይዘትና ሁኔታ በኮዱ ውስጥ በአንድ በሚይዘው በፎርም ግሩፑ ላይ «ሪሴት»ን (ወደ መነሻው መመለሻውን) ጠራሁ፤ ሳጥኖቹን አጸዳ፣ ቀዩ ግን ንቅንቅ አላለም። ሳጥኖቹን «አልተነኩም» የሚያሰኘውን «ማርክ አዝ አንተችድ» ጨመርኩ፤ ያው ነው። በ«ሴት ታይምአውት» ማዘግየትም ሞክሬአለሁ፣ እያፈርኩ ነው የምናገረው።

ማቴሪያል ስህተት የሚያሳየው ሳጥኑ ሲነካ ብቻ ሳይሆን ቅጹ «ሰብሚትድ» (ተልኳል የተባለ) ሲሆንም ጭምር ነው። ይህን ምልክት የያዘው ደግሞ ፎርም ግሩፑ ሳይሆን እርሱን ገጹ ላይ ካለው ቅጽ ጋር የሚያገናኘው «ፎርም ግሩፕ ዳይሬክቲቭ» ነበር። ዳይሬክቲቩን በ«ቪው ቻይልድ» (ገጹ ላይ ያለን አካል ከኮዱ መያዣ) ያዝኩና ሰርቨሩ መቀበሉን ሲያረጋግጥ የእርሱን «ሪሴት ፎርም» ጠራሁ። ቀዩ ጠፋ። የቀድሞውን «ሪሴት» ሰረዝኩት፤ አዲሱ ሳጥኖቹንም ራሱ ያጸዳል።