ኢንዲዛይን እንጀራ እንዳይቆርስ ያደረግኩበት መንገድ

ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የሁለት ቋንቋ መጽሔት ገጽ እየሠራሁ ነበር። በእንግሊዝኛው ዓምድ «injera» (እንጀራ) የሚለው ቃል መስመር መጨረሻ ላይ ተቆረሰብኝ፤ «in-» ከላይ፣ «jera» ከታች። (መቆረሱስ ገበታ ላይ ነበር የሚያምርበት።)

ኤዲት፣ ስፔሊንግ፣ ከዚያ ዩዘር ዲክሽነሪ (የራሴ መዝገበ ቃላት) ገባሁና ከመጀመሪያ ፊደሉ በፊት ~ አድርጌ ቃሉን ጨመርኩት። ምልክቷ ከፊት ስትሆን «ፈጽሞ አትክፈል» ማለት ናት፤ መሀል ከገባች የሚከፈልበትን ቦታ ታሳያለች።

ወይ ፍንክች! ግማሽ ሰዓት ተቃጠልኩ። ለካ ቃሉን የጨመርኩት በአሜሪካ እንግሊዝኛ ስር ነው፤ ጽሑፉ ግን የብሪታንያ እንግሊዝኛ ተብሎ ተመድቧል። ካራክተር ፓነል (የፊደል ቅንብር ሰሌዳው) ላይ የጽሑፉን ቋንቋ ሳስተካክል ቃሉ ወዲያው ገጠመ።

ፋይሉ ማተሚያ ቤት ስለሚሄድ፣ እዚያም ቃሉ እንዳይቆረስ ፕሪፈረንስ (የፕሮግራሙ ምርጫዎች) ውስጥ የራሴ መዝገበ ቃላት ከዶክዩመንቱ ጋር እንዲዋሃድም አደረግኩ።