ስልክዎ በሌሊት ሲጮህ፦ አሜሪካ አዲስ ለገቡ ወገኖች ስለ አየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያና ሰደድ እሳት

አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ወር፣ ከማታ ሥራ ተመልሼ ገና ሸለብ ሲያደርገኝ ስልኬ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮኸ። የተበላሸ መስሎኝ አጠፋሁትና ትራሴ ሥር ከተትኩት። ምን ሊለኝ እንደነበር የገባኝ በማግስቱ፣ መኪኖች ላይ የተጋደሙትን ዛፎች ሳይ ነው።

ያ ጩኸት ከ2012 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዋየርለስ ኢመርጀንሲ አለርት ነው። መልእክቱ ለመድረስ መመዝገብም ሆነ አፕ መጫን አይጠይቅም፣ ክፍያም የለውም፤ አደጋው ባንዣበበበት አካባቢ ለሚገኙ ስልኮች በአንቴና ስለሚሰራጭ፣ ስልክዎ ከጮኸ ነገሩ እርስዎ ያሉበትን ቦታ ይመለከታል ማለት ነው። ድምፁ ቢያስደነግጥም ከስልክዎ ማስተካከያ ውስጥ ገብተው አያጥፉት።

አብዛኞቻችን የምንሳሳተው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ነው፤ «ዎች» እና «ዋርኒንግ»። ሁለቱንም በአማርኛ «ማስጠንቀቂያ» ብለን ስለምንተረጉማቸው ልዩነታቸው ይጠፋብናል። ዎች ማለት አደጋው ሊፈጠር የሚችልበት ሁኔታ ተመቻችቷል ማለት ሲሆን፣ ዋርኒንግ ደግሞ አደጋው በዓይን ወይም በራዳር ታይቷል፣ ወይም ሊደርስ ተቃርቧል ማለት ነው። ዎች ሰማዩ ሲጠቁር የተሰጣውን በርበሬ ለማስገባት የሚነሱበት ሰዓት ነው፤ ዋርኒንግ ሲመጣ ግን በርበሬውን ትተው ራስዎን ያስገባሉ። የቶርኔዶ (እየተሽከረከረ የሚመጣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ዎች የሚወጣው ኦክላሆማ፣ ኖርማን ከሚገኘው የማዕበል ትንበያ ማዕከል ነው፤ ብዙ ካውንቲዎችን (በግዛት ሥር ያሉ የአስተዳደር አካባቢዎችን) ለሰዓታት ይሸፍናል። ዋርኒንጉን የሚያወጣው ግን ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ የተባለው የመንግሥት የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት በመላ አገሪቱ ካሉት 122 የትንበያ ቢሮዎች የእርስዎን አካባቢ የሚከታተለው ሲሆን፣ ጠበብ ላለ ሥፍራ፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ሰዓት ላነሰ ጊዜ የሚቆይ ነው። ስለዚህ የሚኖሩበትን ካውንቲ ስም በቃል ይያዙ። የቶርኔዶ ዋርኒንግ ከመጣ ወደ ታችኛው ፎቅ ወርደው መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ወይም መታጠቢያ ቤት ይግቡ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ከታች ካለው ጎረቤቱ ጋር አስቀድሞ ቢነጋገር መልካም ነው፤ በዚያች ደቂቃ በር ማንኳኳት ያሳፍራልና።

ሰደድ እሳትን በተመለከተ፣ የአገሪቱን እሳት አጥፊዎችና አውሮፕላኖች የሚያስተባብረው ማዕከል አይዳሆ ግዛት ቦይዚ ከተማ ውስጥ ይገኛል፤ በዜና የሚሰሙት ከ1 እስከ 5 ያለው የዝግጁነት ደረጃም የዚህ ማዕከል ነው። ይህ ደረጃ የአገሪቱን አቅም እንጂ የእርስዎን ቤት አይመለከትም። ለእርስዎ የሚያስፈልገው «ሬድ ፍላግ ዋርኒንግ» የሚለው ነው፤ ድርቀትና ነፋስ ስለተገናኙ ደጅ ላይ እሳት አይለኩሱ ማለት ነው። እሳት የጫካ ጉዳይ ነው ብለው እንዳይዘናጉ። ዲሴምበር 30 ቀን 2021 ከዴንቨር ብዙም በማይርቁት ሉዊስቪልና ሱፒሪየር የደረሰው የማርሻል እሳት ከ1,000 በላይ ቤቶችን ያወደመው በክረምት፣ መኖሪያ ሠፈር ውስጥ ነው። ውጡ ከተባለ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳይቆዩ ይውጡ።

ጭሱ ደግሞ ድንበር አያውቅም። በጁን 2023 የካናዳ ሰደድ እሳት ጭስ ዋሽንግተን ዲሲ ድረስ መጥቶ አየሩን ሐምራዊ ደረጃ አድርሶት ነበር። የአየር ጥራት መለኪያው ከ150 ሲያልፍ ለማንኛውም ሰው ጎጂ ነው፣ ከ200 ሲያልፍ ደግሞ እጅግ ጎጂ፣ ማለትም ሐምራዊ ነው፤ «ኤርናው» በተባለው የመንግሥት አፕ በዚፕ ኮድዎ ማየት ይችላሉ። ነጠላ አፍንጫ ላይ መጠቅለል ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም፤ ኤን95 ጭምብል ያስፈልጋል።

አጥብቄ የምናገረው ግን መብራት ሲጠፋ ስለሚደርሰው ነው። ጁን 2012 ዋሽንግተን ዲሲንና አካባቢዋን የመታው ማዕበል ብዙ ቤቶችን በዚያ ሙቀት ለቀናት ያለ መብራት አስቀርቷል፤ ፌብሩዋሪ 2021 በቴክሳስ የደረሰው ብርድ ደግሞ ሚሊዮኖችን በጨለማ ውስጥ ጣለ። በዚያ ብርድ ቤታቸውን ለማሞቅ ሲሞክሩ በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍነው የሞቱ ሰዎች ነበሩ። እኛ ከሰል አያይዘን ቡና ስናፈላ ያደግን ሰዎች ነን፤ የአገር ቤቱ ግን በበርና በጣሪያ ክፍተት ነፋስ ይገባዋል፣ የዚህ አገር ቤት ሙቀት እንዳያመልጥ ተደፍኖ የተሠራ ነው። ከሰል፣ ጄኔሬተር ወይም ጋራዥ ውስጥ የተነሳ መኪና የሚያወጣው ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማዎ ሁሉንም ይዘው ወደ ደጅ ይውጡና 911 ይደውሉ። እንግሊዝኛው ካልመጣልዎ «አምሃሪክ» ይበሉ፤ ብዙዎቹ ማዕከላት በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ።

አደጋው ካለፈ በኋላ የሚመጣው ፌማ፣ የፌዴራል መንግሥቱ የአደጋ ጊዜ እርዳታ መሥሪያ ቤት ነው። ለግለሰብ እርዳታ የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ አደጋ ደርሶበታል ብለው ባወጁትና ለዚሁ እርዳታ በተፈቀደለት ካውንቲ ብቻ ነው። በዲቪ መጥተው ግሪን ካርድ የያዙ፣ በስደተኛነት (ሬፉጂ) ተቀባይነት አግኝተው የገቡና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ስልኩ 1-800-621-3362 ነው። ኢንሹራንስ ያለው ሰው መጀመሪያ ለኢንሹራንሱ ማመልከት አለበት። የተከራይ ኢንሹራንስ የተቃጠለ ዕቃዎን ቢሸፍንም ጎርፍን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፤ የመንግሥቱ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ እንደ ደንቡ ከተገዛ 30 ቀን ሳያልፈው አይሠራም፣ ስለዚህ ማዕበሉ በቴሌቪዥን ሲታይ መግዛት ከንቱ ነው። የፌማ መርማሪ መታወቂያውን ያሳያል እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የጠየቀዎት ሰው ካለ በሩን ይዝጉበት።