ለግብርና ጋዜጠኞች የእርሻ ጉብኝትና የጋራ ስብሰባ እንዴት ይዘጋጃል?

የግብርና ጋዜጠኛ ወደ እርሻ የሚሄደው ዘገባ ፍለጋ ነው። የብዙ ጉብኝቶች መርሐ ግብር ሲታይ ግን ለክብር እንግዳ አቀባበል የተሰናዳ ይመስላል፦ ንግግር፣ ጉዞ፣ የቡድን ፎቶ፣ ምሳ፣ እንደገና ንግግር። ጋዜጠኛው ከገበሬው ጋር ብቻውን የሚያወራበት ሩብ ሰዓት እንኳ አይገኝም። ከእንዲህ ያለ ጉብኝት ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ፎቶና አንድ ዓይነት ጥቅስ ይዞ ይመለሳል፤ አዘጋጁም ይህን ሁሉ ደክሞ ለምን ብዙ እንዳልተጻፈ ግራ ይገባዋል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ በአንድ አካባቢ ያሉ እርሻዎችን በሁለት ወይም በሦስት ቀን አስጎብኝቶ፣ በዚያው ጋዜጠኞቹን እርስ በርስ ማገናኘት ለሚፈልግ ማኅበር፣ መሥሪያ ቤት ወይም የምርምር ተቋም ነው።

ከቦታው በፊት ጥያቄው

"የአካባቢውን ግብርና ማስተዋወቅ" የሚል ዓላማ ዘገባ አያወጣም። "ውሃ ሲያንስ እዚህ ያሉ ገበሬዎች ምን ቀየሩ?" የሚለው ግን ያወጣል። አንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይምረጡና ለጥያቄው የተለያየ መልስ ያላቸውን እርሻዎች ይፈልጉ። የጠብታ መስኖ ዘርግቶ የተጠቀመውን ካሳዩ፣ ዘርግቶ የተወውንም ያሳዩ። ጋዜጠኛው የሚጽፈው በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ሁልጊዜ የሚጎበኙት ሞዴል ገበሬዎች መልሳቸውን በቃላቸው ይዘውታል፤ እነሱን ብቻ ይዞ መውጣት ጉብኝቱን ገና ሳይጀመር ያደርቀዋል።

ቀኑ

አጨዳ ላይ ከሄዱ የሚታይ ነገር ሞልቷል፣ ገበሬው ግን ጊዜ የለውም። ሥራ በቀዘቀዘበት ወቅት ከሄዱ ደግሞ ገበሬው ጊዜ አለው፣ ማሳው ግን ባዶ ነው። እኔ የምመርጠው የአጨዳውን መጨረሻ ነው፤ ማሽኑም ሰውም ገና ማሳ ላይ ነው፣ ጥድፊያው ግን በርዷል። ዝናብ ቢጥል ወደ ቤት ውስጥ የሚወስድ አማራጭ ለእያንዳንዱ ቀን ይያዝ፤ የማሸጊያ ቤት፣ ላቦራቶሪ ወይም ጋጣ ይበቃል።

ሙሉ መርሐ ግብር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጡ ከሆነ፣ የዓለም አቀፉን የግብርና ጋዜጠኞች ፌዴሬሽን ልምድ ማየት ይጠቅማል። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ1956 የተመሠረተ ሲሆን በየዓመቱ በሚያካሂደው ጉባኤ ስብሰባውን ከእርሻ ጉብኝት ጋር ያጣምራል። መጠኑን ሳይሆን አደረጃጀቱን ይውሰዱ።

ከገበሬው ጋር የሚደረግ ስምምነት

በስልክ ብቻ አይጨርሱት። ሄደው ማሳውን አብረውት ይዙሩ፤ ሹፌሩንም ይዘው ይሂዱ፤ መኪናው የት እንደሚዞር፣ ድልድዩ ክብደቱን ይችል እንደሆነ፣ ከዝናብ በኋላ መንገዱ ያሰምጥ እንደሆነ የሚያየው እሱ ነው። ከዚያ ተቀምጠው በግልጽ ይነጋገሩ። የሚናገረው ነገር ሊታተም ወይም ሊተላለፍ እንደሚችል፣ ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት እንዲያይለት እርስዎ ቃል መግባት እንደማይችሉ ይንገሩት። ፎቶ የማይነሳው የቱ ነው? ድሮን ይፈቀዳል? ሠራተኞቹ ፊታቸው እንዲታይ ፈቅደዋል? ስለ ዕዳና ስለ ትርፍ ቢጠየቅ ይመልሳል? "ያንን አልናገርም" ማለት መብቱ ነው፤ ይህን መብቱን አስቀድሞ ያወቀ ገበሬ በሌላው ጉዳይ ላይ ይበልጥ ይከፈታል።

የሚናገረውን ግን አያለማምዱት። አንድ ጉብኝት ላይ የእርሻው ባለቤት አዘጋጆቹ ጽፈው የሰጡትን ከወረቀት ሲያነብ አይቻለሁ። ከኋላው ልጁ የተሰበረ የውሃ ፓምፕ እየጠገነ ነበር። አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ ንባቡን ትታ ወደ ልጁ ሄደች፤ የዕለቱን ምርጥ ቃለ መጠይቅ ያገኘችውም እሷ ነበረች፤ መለዋወጫ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ፣ እስከዚያ የትኛው መደብ እንደሚደርቅ ልጁ እጁ በግራሶ እንደተለወሰ አስረዳት።

ሰዓቱ፤ ጉብኝት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው

መርሐ ግብር ላይ "አንድ ሰዓት፣ የወተት ላሞች እርባታ" ተብሎ ይጻፋል። እስቲ ያንን ሰዓት እንዘርዝረው። አርባ ሰው ከአውቶቡስ ለመውረድና ዕቃውን ለማውረድ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ቦት ጫማ ለመቀየርና ለመታጠብ ሌላ አሥር፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት። የባለቤቱ "እንኳን ደህና መጣችሁ" እና የአዘጋጁ ማስታወቂያ አሥር። ወደ ጋጣው በእግር አምስት። ሲመለሱ መታጠቡ፣ መቆጠሩ፣ የጠፋውን መፈለጉ አለ። ለዘገባ የቀረው አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ እሱንም አርባ ሰው ይካፈለዋል።

ስለዚህ ለሰብል እርሻ ከአንድ ሰዓት ተኩል፣ እንስሳት ላለበት ደግሞ ከሁለት ሰዓት በታች አይመድቡ። ይህ ማለት በቀን ሁለት እርሻ፣ ቢበዛ ሦስት ማለት ነው። የአካባቢው ባለሥልጣን ወይም ስፖንሰሩ "ይቺንም እግረ መንገዳችሁን" ሲል የሚጨመረው አራተኛ እርሻ የሌሎቹን የሦስቱን ጊዜ ይበላል። እንቢ ማለት ይከብዳል፤ ቢሆንም እንቢ ይበሉ። እዚያ እርሻ ለመሄድ የሚፈልግ ጋዜጠኛ ካለ በማግስቱ ብቻውን እንዲሄድ ያመቻቹለት።

ያገኙትን ሁለት ሰዓት እንዲህ ይክፈሉት። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለዙረት ነው፤ ሰዉን ከሃያ በማይበልጥ ቡድን ይክፈሉና ለእያንዳንዱ አስረጂ ይመድቡ፣ አስረጂውም የሚያዝ ድምፅ ማጉያ ይያዝ። ነፋስ ባለበት ማሳ ላይ ከአምስተኛው ሰው ኋላ የቆመ ምንም አይሰማም። ከዚያ ለሁሉም የሚሆን አጭር የጥያቄና መልስ ጊዜ ይከተል። ከዚያ በኋላ ያለው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ነፃ ይሁን፤ ንግግርም መሪም የሌለበት። ጋዜጠኛው ከፈለገው ሰው ጋር ያውራ፤ ከአላቢዋ፣ ከትራክተር ነጂው፣ ከገበሬው ሚስት። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞችና ባለሥልጣናት በዚህ ጊዜ ራቅ ብለው ሻይ ይጠጡ። ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ቦታው ላይ መናገር ሰው ያስቀይማል። በተደጋጋሚ ያየሁት፣ ከጉብኝቱ በኋላ የሚወጡት ጥሩ ጥሩ ዘገባዎች ከዚህች ግማሽ ሰዓት የሚወለዱ ናቸው።

የካሜራና የድምፅ ሰዎች ጉዳይም ከሰዓቱ ጋር የተያያዘ ነው። ቀትር ላይ የገበሬው ባርኔጣ ጥላ ፊቱን ይውጠዋል፤ ሰፊ ማሳ የሚታይበትን እርሻ ለማለዳ ወይም ለማምሻ፣ ማሸጊያ ቤቱንና ጋጣውን ለቀትር ያድርጉ። ላሞች ብዙውን ጊዜ በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ ይታለባሉ፤ አለባ ማሳየት ከፈለጉ መርሐ ግብሩ የላሞቹን ሰዓት ይከተል እንጂ ላሞቹ የእርስዎን አይጠብቁም። ለሬዲዮ ሰዎች ደግሞ ጄኔሬተሩ ወይም ፓምፑ ለአሥር ደቂቃ ይጥፋላቸው ዘንድ ባለቤቱን አስቀድመው ይጠይቁ።

በሽታ ተሸክሞ ላለመዞር

በአንድ ቀን ከእርሻ እርሻ የሚዞር መኪና ሙሉ ሰው ለገበሬው እውነተኛ ስጋት ነው። የአፍተግር በሽታ ቫይረስ በጫማ፣ በልብስና በመኪና ጎማ ይጓጓዛል። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ በሽታው በተነሳ ጊዜ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታርደዋል፤ ገጠሩም ለጎብኚ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ መርሐ ግብሩን ከማጽደቅዎ በፊት አካባቢውን የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ይየው።

ሁለት ከብት እርባታ ወይም ሁለት ዶሮ እርባታ በአንድ ቀን አያድርጉ። የግድ ከሆነ ጥጆችና ጫጩቶች ካሉበት ጀምረው ወደ ትልልቆቹ ይሂዱ፤ የታመመ እንስሳ የተለየበት ክፍል ከጉብኝቱ ውጭ ይሁን። ተሳታፊዎች በቅርቡ ሌላ እርሻ፣ በተለይም ውጭ አገር፣ ገብተው እንደሆነ በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ይጠየቁ። የአሳማ እርባታ የሚገባ ሰው የአሳማ ሥጋ ያለበት ምግብ ይዞ አይግባ፤ የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ቫይረስ ሰውን ባይዝም በሥጋው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

የጫማው ጉዳይ በብዛት ለይስሙላ ነው የሚደረገው። በር ላይ የተቀመጠ የመድኃኒት ገንዳ ውስጥ ጭቃ የያዘ ጫማ ነክሮ ማለፍ አያጸዳም፤ ፀረ ተዋህስያኑ ጭቃና ፋንድያ ሲነካው ኃይሉን ያጣል። መጀመሪያ በብሩሽና በውሃ እስከ ሶሉ ስርጉድ ድረስ ይታጠባል፣ ቀጥሎ መድኃኒቱ ይነካውና በዕቃው ላይ የተጻፈው ደቂቃ እስኪሞላ ይቆያል። ብሩሽ፣ ባልዲና ውሃ በመኪናው ይዛችሁ ሂዱ፤ ገበሬው ያቀርባል ብላችሁ አትጠብቁ። ቀጭኑን የፕላስቲክ የጫማ ሽፋን አልወደውም፤ ጠጠር ላይ ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ይቀደዳል። ጠንካራ የጎማ ቦት ጫማ ይሻላል። የሚረሳው የካሜራ ማቆሚያው እግር ነው፦ ጋጣ ውስጥ መሬት የነካ ሁሉ ይታጠብ።

ለሰዎቹም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር የሆነች ተሳታፊ የሚወልዱ በጎችና ፍየሎች አጠገብ እንዳትሄድ በግብዣው ደብዳቤ ላይ ለሁሉም በተጻፈ ማሳሰቢያ ይነገር፤ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ፀረ ተባይ የተረጨ ማሳ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተቀመጠው የመግቢያ ጊዜ ሳይደርስ አይገባም። ገፈራ (ታምቆ የተብላላ የከብት መኖ) የተሞላ ሲሎ፣ ማለትም የመኖ ማከማቻ፣ በተለይ ከተሞላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት፣ መርዛማ ጋዝ ሊኖረው ይችላል። የፋንድያ ጉድጓድም ጋዝ ያወጣል፣ ሲበዛ ማሽተትን ራሱን ስለሚያደነዝዝ ሰው ሽታውን አምኖ መቅረብ የለበትም። ለፎቶ ብሎ ወደነዚህ የሚጠጋ አይጠፋም፤ አንድ ሰው እዚያ ይቁም።

መኪናና ገንዘብ

ከአንድ ትልቅ አውቶቡስ ሁለት አነስተኛ ይሻላል፤ በጠባብ መንገድ ይዞራል፣ የቸኮለውንም ቀድሞ ይመልሳል። የሽንት ቤት ነገር በየጣቢያው ይረጋገጥ። ቻርጅ ማድረጊያ፣ ውሃ፣ የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ፤ እነዚህን ማንም አይረሳቸውም።

ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ግብዣው ላይ በስም ይጻፍ። ስፖንሰር መኖሩ ነውር አይደለም፣ መደበቁ ነው። ስፖንሰሩ እርሻ አይመርጥም፣ ጥያቄ አያጣራም፣ ጽሑፍ አያይም፤ ይህን በውሉ ላይ አስፍሩት። አንዳንድ የዜና ተቋማት ጋዜጠኞቻቸው የሰው ገንዘብ እንዲቀበሉ አይፈቅዱም፤ የራሱን ወጪ መክፈል ለሚፈልግ የዋጋ ዝርዝር ተዘጋጅቶ ይጠብቀው። ከዘገባ መውጣት ጋር የተያያዘ አበል ግን በምንም መልኩ አይኑር።

ስብሰባው

ብዙ አዘጋጆች ስብሰባውን መጀመሪያ ቀን ላይ ያደርጉታል። እኔ መጨረሻ ላይ፣ ወይም በየማታው ጥቂት ጥቂት ቢሆን እመርጣለሁ። ማሳ ያየ ሰው ጥያቄ አለው፤ ያላየው ያዳምጣል። የአፈር ባለሙያውን፣ የግብርና ኢኮኖሚስቱን ወይም የመስኖ መሐንዲሱን ያኔ ይጥሩና "ዛሬ ካያችሁት ምኑ አልገባችሁም?" ብለው ይጀምሩ። ከፓነል ውይይት ይልቅ ክብ ሆኖ መቀመጥ ይሻላል።

ከዚያ አንድ ሰዓት ጋዜጠኞቹ ለብቻቸው ይሁኑ። የምርት ቁጥር እንዴት ታረጋግጣላችሁ? የሙከራ ማሳ ውጤት ሲሰጣችሁ ስንት ጊዜ እንደተደገመና በየትኛው ወቅት እንደተሠራ ትጠይቃላችሁ? የግብርና ዘገባ የሚሠራ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ብቸኛ ነው፤ እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሳበት ሌላ ቦታ የለውም።

ከተመለሱ በኋላ

በሳምንቱ ውስጥ ለሁሉም አንድ ወረቀት ይላኩ፦ የእያንዳንዱ እርሻ ስፋት፣ ሰብሉ ወይም የእንስሳቱ ቁጥር፣ ምርቱ በምን መለኪያ እንደተሰላ፣ የሰዎቹ ስም ትክክለኛ አጻጻፍ። ሄክታርና ሌላ መለኪያ ተቀላቅሎ የሚወጣው ስህተት በዚህ ይቀንሳል። የወጡትን ዘገባዎች ሰብስበው ለእያንዳንዱ ገበሬ ያድርሱ፤ ኢንተርኔት ለማይጠቀም በወረቀት አትመው፣ የሬዲዮውን ስልኩ ላይ ጭነው። ያልተስማማበት ነገር ካለ ጋዜጠኛውን ወይም አዘጋጁን የት እንደሚያገኝ ያሳዩት። በሐኪሙ ምክር መሠረት ለጥቂት ሳምንታት እየደወሉ እንስሳቱ ደህና መሆናቸውን ይጠይቁ፤ የታመመ ካለም ለጎበኛችኋቸው ሌሎች እርሻዎች ያን ዕለቱኑ ያሳውቁ።